በዴሊያ ስም

ሎርና ኩባስኪ የቤቱን በር ከፍታ ስትገባ ከልጇ ክፍል የወንድ ድምፅ ሰማች። የአስተማሪ ድምፅ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ትንሽ የሰለቸው፣ ከኮምፒውተር የሚወጣ። «ዴሊያ ዛሬም ቀድማናለች» ይላል። «ዴሊያ የጻፈችው፣ እናትና አባት ሁለቱም ቡናማ ዓይን ቢኖራቸውም ልጃቸው ሰማያዊ ዓይን ይዞ ሊወለድ ይችላል ነው። ልክ ነሽ፣ ዴሊያ። ሌሎቻችሁስ? ሰው አለ?» ሎርና ኮቷን ሳታወልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ከሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለቃዋን አስፈቅዳ ስትበር የመጣችው ልጇን ልትቆጣ ነበር፤ አሁን ግን ንዴቷ በረድ አለላት። ልጅቷ ትምህርቷ ላይ ናት፣ ያውም ከሁሉም ቀድማ። ከዚያ ከክፍሉ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። አጭር፣ ሻካራ፣ መሃል ላይ ሳል ያቋረጠው ሳቅ ነው፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳቅ አይደለም።

በሩን ገፋ ስታደርገው ከዴሊያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ያገኘቻት የገዛ እናቷን፣ የሰባ ሁለት ዓመቷን ዋንዳን ነው። ዋንዳ በሌሊት ልብሷ ላይ ሹራብ ደርባለች። ፀጉሯን በቢጎዲን እንደ ጠቀለለች የጆሮ ማዳመጫውን ከላይ አጥልቃ፣ በሁለት ጣቶቿ ፊደል እየፈለገች ትጽፋለች። የበሩን መከፈት ስታይ እንኳ አልደነገጠችም፤ ዞር ሳትል እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ «ቆይ፣ አንድ ጥያቄ ቀርቶናል» አለች። ሎርናም ቆየች። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ቢሆንም እናቷ «ቆይ» ስትላት ትቆያለች። የዴሊያ አልጋ እንደ ተነጠፈ ነው። ጠረጴዛው ላይ የቀዘቀዘ ሻይ፣ የዋንዳ መነጽር ማኅደርና አንድ ወፍራም ደብተር አለ። ደብተሩ ግማሹ ተጽፎበታል፤ ጽሕፈቱ የዋንዳ ነው፣ ወደ ቀኝ ያዘመመ፣ ርእሱ በቀይ የተሰመረ። ኮምፒውተሩ ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ጥቁር ሳጥኖች ተደርድረዋል። ፊት የሚባል የለም፤ ተማሪው ሁሉ ካሜራውን ዘግቶ ስሙን ብቻ አስቀምጧል። ከሠላሳዎቹ አንዱ «ዴሊያ ኩባስኪ» ይላል።

አስተማሪው ተሰናብቶ ሲወጣ ዋንዳ ማዳመጫውን ቢጎዲኖቹ እንዳይጠለፉ ተጠንቅቃ አወለቀች።

«ዴሊያ የት ናት?»

«ኖሪን ጋ።»

«ኖሪን ጋ ምን ታደርጋለች?»

«መንታዎቹን ትይዛለች እንጂ ምን ታደርጋለች። በዚህ ሰዓት ምን እግር ጣለሽ? አባረሩሽ እንዴ?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ዋንዳ ደብተሯን አጠፈችው። «ከኅዳር» አለች። ጊዜው ሚያዝያ ነው።

ሎርና ልጇ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የሚገርመው፣ አሁን ሲነገራት ነገሩ ሁሉ ገጠመላት። እሷ ከሌሊቱ አሥር ተኩል ከቤት ትወጣለች፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ትመለሳለች። እህቷ ኖሪን አንድ ሰዓት ላይ መጥታ ልጅቷን በመኪና ትወስዳታለች፣ ከግማሽ ቀን ሥራዋ ስትወጣ ሰባት ሰዓት ላይ ትመልሳታለች። ሎርና ስትገባ ዴሊያ ሁልጊዜ ተኝታ ነው የምታገኛት፤ ጥናት አድክሟት ነው ብላ በጣቷ ጫፍ እየተራመደች ታልፋለች። ዴሊያ የምትማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ሕንፃ የለውም፣ ደወል የለውም፣ ክፍያም የለውም። ኮምፒውተሩን በካርቶን ልኮላቸዋል። ወላጁን «የትምህርት አጋዥ» ይለዋል፤ አጋዡ በየማታው ልጁ ስንት ሰዓት እንዳጠና ሞልቶ ይፈርማል። ሎርና እግሯን የሞቀ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ስልኳን ከፍታ፣ «አምስት ሰዓት ተኩል» የሚለውን ትነካለች። የቤት ሥራው ሁሉ አረንጓዴ ምልክት አለው። ባዮሎጂ ዘጠና አንድ። ለማጠቢያ ክፍል ባልደረቦቿ ነግራለች፣ አንድ ሁለቴም ስልኳን አውጥታ አሳይታለች። ባለፈው ዓመት ልጅቷ የሕንፃ ትምህርት ቤት ሳለች ሦስት ሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት ውስጥ በስልክ ቀርጸዋት፣ በየጠዋቱ ታስመልስ ነበር። ሎርና ዘጠና አንዱን ባየች ቁጥር ጥሩ ነገር አደረግሁላት ትላለች።

«የኖሪን ልጆች የሚውሉበት ቤት ተዘጋ» አለች ዋንዳ። «ሌላው ቦታ ለአንድ ልጅ በሳምንት ሦስት መቶ ዶላር ነው፤ ለሁለት ስድስት መቶ። ከየት ታመጣለች? እኔ በዚህ ጉልበት ሁለት ሕፃን አባርሬ መያዝ አልችልም። ዴሊያ እንደሆነች እቤት ናት።»

እቤት ናት። ይህን ሎርናም ትለው ነበር። የጋዝ ሠራተኛ ሲመጣ ዴሊያ እቤት ናት፤ ዕቃ ሲላክ ዴሊያ እቤት ናት፤ ዋንዳን ሐኪም ዘንድ የሚያደርሳት ሲጠፋ ዴሊያ እቤት ናት።

«አንቺስ? አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«መጀመሪያ ማውሱን ብቻ ነበር የማንቀሳቅሰው። ዝም ካልሽው ኮምፒውተሩ ይተኛል፣ ከተኛ ቀሪ ይላታል። ሹራብ እየሠራሁ በየአምስት ደቂቃው ነካ አደርገው ነበር።» ዋንዳ ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። «ከዚያ ሰውዬው ይጠይቃል፣ ማንም አይመልስም። ሠላሳ ልጅ ፊት ብቻውን ይጠይቃል። ‹አላችሁ?› ይላል፣ ዝም። አዘንኩለት። አንድ ቀን መለስኩለት።»

«ዘጠና አንዱ ያንቺ ነው?»

«ታሪኩ ሰማንያ አራት ነው» አለች ዋንዳ፣ እንደ ማፈር ብላ። «እሱ ብዙ ቀን አለው፣ ቀን አይዝልኝም።»

ሎርና በሥራ ቦታ የመጣላትን ስልክ ያን ጊዜ ነገረቻት። የደወለችው ጃኒን ሆሊስ የምትባል፣ የወላጆችን ጉዳይ የምትከታተል የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ናት። ዴሊያ በአካል ቀርባ የምትወስደውን የግዛቱን የባዮሎጂ ፈተና ሁለቴ ቀርታለች፣ ለሁለቱም ደብዳቤ ተልኳል፣ የመጨረሻው ዛሬ ሰባት ሰዓት ነው፣ ዛሬ ከቀረች ከመዝገብ ትሰረዛለች። ሎርና ደብዳቤ የሚባል አላየችም ነበር።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች ዋንዳ። «ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይዛችሁ ኑ ይላል። ምን ይዤ ልሂድ?»

ሎርና ተነሥታ ከመሳቢያው የልጅቷን መታወቂያ ፈለገች። እናቷ ከኋላዋ፣ ድምፅዋን ሳትቀይር፣ «እኔም አሥረኛ ክፍል ነበርኩ» አለች። «አራቱን ወንድሞቼን ስይዝ ነው ያስቀሩኝ። ሰው አልሞተም።» ሎርና መታወቂያውን ኪሷ ከታ ወጣች። በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ወሬ አይቀጥልም።

ኖሪን ከወንዙ ማዶ፣ አዲሶቹ ቤቶች ካሉበት ሰፈር ነው የምትኖረው። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። በሩ አልተቆለፈም። ሳሎኑ ውስጥ ዴሊያ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ ለአንዷ ሕፃን ካልሲ ታጠልቃለች፣ ሌላዋ ጀርባዋ ላይ ተንጠላጥላ ፀጉሯን ትጎትታለች። ወጥ ቤቱ ጽድት ብሏል። የሁለቱ ምሳ በሁለት ሳህን ተከፋፍሎ፣ ካሮቱ በስሱ ተከትፎ፣ እንዲበርድ ተሸፍኗል። ሎርና ልጇን እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም፤ እቤት ውስጥ አንድ ብርጭቆ ለማንሳት ሦስቴ የምትለመን ልጅ ናት። ዴሊያ ቀና ብላ አየቻት፣ ካልሲውን አጥልቃ እስክትጨርስ አልተነሣችም።

«አወቅሽ» አለች።

«ተነሺ፣ ፈተና አለሽ።»

«የምን?»

«የባዮሎጂ።»

ዴሊያ ሳቀች። «እኔ?» አለች። «ቡሻን አትወስጃትም?» ቡሻ የምትለው አያቷን ነው፤ በዚያ ሰፈር የፖላንድ ዘር ያለው ሁሉ አያቱን እንዲያ ነው የሚጠራ።

ሎርና ለእህቷ ደወለች። ኖሪን የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ስልኩን ያነሣችው ለበሽተኛ በምታወጣው ድምፅ ነው። ሎርና መሆኗን ስታውቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው ፊቷ ቆሟል፣ ማታ ይነጋገሩ፣ አለች። «አሁን ካልመጣሽ መንታዎቹን እዚያው አመጣልሻለሁ» አለቻት ሎርና፣ ስልኩንም ዘጋች። ከዚያ ልጇና እሷ ሕፃናቱን አበሉ። ሕፃናቱ ማንኪያ በገባ ቁጥር «ዲ» ይላሉ፣ «ዲ፣ ዲ»፤ ስሟን ያሳጠሩት እነሱ ናቸው።

ኖሪን ደርሳ የመኪና ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ ስትወረውር ሰባት ሰዓት ሊሆን ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። የሐኪም ቤቱን ሮዝ ልብስ እንደ ለበሰች ነው። ዴሊያን «ጫማሽን አድርጊ፣ የኔ ቆንጆ» አለቻት፤ ልጅቷ እስክትወጣ ጠበቀች። ከዚያ ሁለቱ እህትማማቾች የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ በመሃል አድርገው ቆሙ። ኖሪን የተረፈውን ካሮት በጣቷ ጠርጋ በላች።

«ለሁለት ሳምንት ነው ብዬ ነው የጀመርኩት» አለች በመጨረሻ። «ከዚያ ሁሉም ነገር በደንብ ሄደ። ጫማ ገዝቼላታለሁ። ስልኳንም የቀየርኩላት እኔ ነኝ። ልጅቷ ዘጠና አንድ አላት፣ እማዬ ደስ ብሏታል፣ ማን ተጎዳ?»

«ልጄ ምንም አልተማረችም።»

«አንቺ በየማታው አምስት ሰዓት ተኩል ብለሽ ትፈርሚ የለም እንዴ? ምን አይተሽ ነበር የምትፈርሚው?»

ሎርና እህቷን አየቻት። ቁልፏን ይዛ ወጣች። መኪናው ውስጥ ዴሊያ አዲሱን ጫማዋን እያየች ተቀምጣለች።

ድልድዩ ላይ ሎርና «ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

«መጀመሪያ ለትንሽ ጊዜ ነው ተባልኩ። ከዚያ አንቺ በውጤቱ ደስ አለሽ።» ዴሊያ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጋ መልሳ ዘጋችው። «ሁለት ወር እዚያ ጥቁር ሳጥን ላይ ተቀምጫለሁ፣ እማ። ሁለት ወር ሙሉ ማንም ሰው ፊቴን አላየም። አንድ ቀን ተነሥቼ ሄጄ ተኛሁ፤ ስመለስ ክፍሉ አልቋል፣ ማንም አላወቀም። መንታዎቹ ግን በሩ ሲከፈት ይጮኻሉ። ዲ መጣች ብለው።»

ከፊታቸው ያለው መብራት አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ሎርና ቆማ ስለነበር ከኋላ ጥሩምባ ነፉባት።

ፈተናው የሚሰጠው ከአንድ ቤተ ክርስቲያን በታች ባለ አዳራሽ ነው። ወለሉ አዲስ ሰም ተቀብቷል፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። በር ላይ እያንዳንዱ ልጅ ስሙን ጽፎ ደረቱ ላይ ይለጥፋል። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ የተማሩ ናቸው፣ ግን አይተዋወቁም፤ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ አንዱ የሌላውን ደረት ያነባል፣ አንብቦ «አንተ ነህ እንዴ?» ይላል፣ ከዚያ የሚጨምረው ያጣል። አንድ በጣም ረዥም ልጅ አንዲት በጣም አጭር ልጅ አጠገብ ቆሞ ስሟን ደጋግሞ ያነባል። ወላጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው ስልካቸውን ይነካካሉ።

አንድ መላጣ፣ ጎልማሳ ሰው ዴሊያ ደረት ላይ ያለውን አንብቦ ፊቱ በራ። ድምፁን ስትሰማ ሎርና አወቀችው፤ ጠዋት ከኮምፒውተሩ ሲወጣ የሰማችው ነው። ኦስትራንደር እባላለሁ አለ፣ የባዮሎጂ መምህር።

«አንቺ ነሽ ዴሊያ» አለ፣ እጇን ይዞ ሳይለቅ። «አንቺ ባትኖሪ ኖሮ እኔ ይህን ሥራ በታኅሣሥ እለቀው ነበር። እግዜር ያሳይሽ፣ ግድግዳ ነው የማስተምረው። ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበት ለምን ያማል ብለሽ የጠየቅሽኝን ለሚስቴ ነገርኳት። ሁለት ቀን አንብቤ ነው የመለስኩልሽ።»

«ጉልበቴን አያመኝም» አለች ዴሊያ።

ሰውዬው ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። ዴሊያ ወደ እናቷ ዞረች። ሎርና ያን ጊዜ አንድ ነገር ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ግን ሰውዬው በጣም ደስ ብሎታል፣ ወላጆቹም ዞረው ያዩዋቸዋል። «ግቢ፣ ሰዓቱ ደርሷል» አለቻት። ዴሊያ ገባች። በሩ ሲዘጋ ትከሻዋ ብቻ ነበር የሚታየው።

ጃኒን ሆሊስን ሎርና ያገኘቻት ቡና በሚቀዳበት ጠረጴዛ አጠገብ ነው። በስልክ ድምፅዋ ወጣት ይመስላል፤ በአካል ሃምሳ የሚጠጋት፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ ሴት ናት። የስም ዝርዝሩ ላይ ዴሊያን ምልክት አደረገችባትና በረዥሙ ተነፈሰች። «መጡልን» አለች። «ከእኔ እጅ ሁለት መቶ አሥር ቤተሰብ አለ፣ ወይዘሮ ኩባስኪ። ስልክ የሚያነሣልኝ ሰባ አይሞላም። የእርስዎን ሳየው ደስ ይለኛል፤ ሰዓቱ ሙሉ፣ ሥራው ሙሉ። ሌሎቹን እናቶች እንዲያግዙ እጠይቅዎታለሁ ብዬ ነበር።»

ሎርና ቡናዋን አስቀመጠች። «እሷ አይደለችም የሠራችው» አለች። ከዚያ ቆም ሳትል ሁሉንም ተናገረች፤ ኅዳርን፣ መንታዎቹን፣ ማውሱን፣ እናቷን፣ የጠፉትን ደብዳቤዎች፣ የራሷን ፊርማ። ጃኒን ግራ ቀኝ አየች፣ ወረቀቱን ደረቷ ላይ አጠፈችው፣ ሎርናንም በክንዷ ይዛ ካፖርት ወደሚሰቀልበት ጥግ ወሰደቻት።

«ይህን አልነገሩኝም» አለች።

«ነገርኩሽ እኮ።»

«ስሙኝማ። ይህን ከጻፍኩ የልጅቷ ዓመት በሙሉ ይሰረዛል። ያ ብቻ አይደለም። ሰዓቱን የሞሉት እርስዎ ነዎት፤ መቶ ምናምን ጊዜ። ያንንም መጻፍ አለብኝ። ከእኔ በላይ ወዳሉት ይሄዳል፣ እነሱ ደግሞ ልጅ ከትምህርት አስቀርታለች ብለው ፍርድ ቤት ሊወስዱዎት ይችላሉ። ዝም ካሉ ግን ልጅቷ መስከረም ላይ አሥራ አንደኛ ትገባለች።»

«ፈተናውን እኮ ልትወድቅ ነው።»

«ትውደቅ። ስንቱ ይወድቃል። ዛሬ እኔ የምጠየቀው ስንት ሰው መጣ ተብዬ ነው።» ጃኒን ይህን ስትል ራሷም የሰማችው ይመስል ዓይኗን ወለሉ ላይ ጣለች። «እንደ እናት ነው የምነግርዎት። እስከ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ያስቡበት። ካልደወሉልኝ ምንም አልሰማሁም። ልጅዎ ጥሩ ተማሪ ናት።»

«አይደለችም።»

«ወረቀቱ ላይ ናት።»

ፈተናው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው የሚፈጀው። ዴሊያ በአርባ ደቂቃ ወጣች። ሎርና «ጨረስሽ?» ስትላት «ተቀመጥኩ» አለች። ከዚያ መኪናው ድረስ ደረቷ ላይ የተለጠፈውን ስም በጥፍሯ እየፋቀች ሄደች።

ማታ ዋንዳ የአሳማ ሥጋ በጥቅል ጎመን ሠርታ፣ ድንች ቀቅላ ጠበቀቻቸው። ቢጎዲኑን አውልቃ ፀጉሯን አበጥራለች፣ ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን ሰማያዊ ሸሚዝም ለብሳለች። ስለ ጠዋቱ ማንም አላነሣም። ሎርና ሥጋውን ቆራረጠች። ዋንዳ ለሁሉም ድንች አወጣች፣ ተቀመጠች፣ ሹካዋን አንሥታ አስቀመጠች።

«ምን ምን መጣ?» አለች።

ዴሊያ ትከሻዋን ሰበቀች። «ብዙ ነገር።»

«አንድ ሁለቱን እንኳ።»

«አንዱ፣ ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ የገባ ሕዋስ ምን ይሆናል ይላል።»

«ይጨማደዳል» አለች ዋንዳ። «ውሃው ይወጣበታል። አንቺ ምን አልሽ?»

«ይፈነዳል።»

«አይ። የሚፈነዳው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲገባ ነው። ሌላስ?»

«ጥንቸልና ቀበሮ። ቀበሮው ቢጠፋ ይላል።»

«ጥንቸሉ ይበዛል፣ ሣሩን ይጨርሳል፣ ከዚያ ራሱ በረሃብ ያልቃል። ሁለተኛውን ነው ብዙ ሰው የሚረሳው።» ዋንዳ ወንበሯን ወደ ልጅቷ ሳብ አደረገች። ጉንጯ ቀልቷል። ሎርና እናቷን እንዲህ ስትናገር ሰምታት አታውቅም፤ ቁጣ የለበት፣ ስላቅ የለበት፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠች። «ቀጥዪ» አለች ዋንዳ። ዴሊያ ቀጠለች። አራት፣ አምስት ጥያቄ አስታወሰች። በእያንዳንዱ ላይ ዋንዳ መልሱን አለች፣ ዴሊያ ደግሞ የመረጠችውን። በእያንዳንዱ ላይ የልጅቷ ድምፅ ይበልጥ ዝቅ አለ። ሥጋው እየቀዘቀዘ ነው።

«አንድ ደግሞ የኩላሊት ሥዕል ነበር። ቀስት ያለው። ደሙ በየት ይገባል፣ በየት ይወጣል የሚል።»

ዋንዳ ፊቷን አጨማደደች። «እሱን ገና አልደረስንበትም። ሐሙስ ነው ያለን።» ጥቂት አሰበች። «እሱ አንድ ጥያቄ ነው፣ አይጎዳም። አሥራ አንደኛ ላይ ደግሞ ኬሚስትሪ አለ። ሚስተር ኦስትራንደር ራሱ ነው የሚሰጠው፤ ጠይቄዋለሁ።»

ዴሊያ ሳህኗን አየች። ሎርና የልጇን አንገት አየችው፣ የተጎነበሰውን፤ ከዚያ መስከረምን አሰበች፣ የሚቀጥለውን መስከረምንም፣ በመጨረሻም ስለ ጥንቸልና ቀበሮ ሳታውቅ ጥቁር የምረቃ ልብስ ለብሳ ዲፕሎማ የምትቀበል ልጅን። ፍርድ ቤቱንም አሰበች። አለቃዋ ዛሬ ስትወጣ ያሳየቻትን ፊት አሰበች። ተነሥታ ስልኳን ከኮቷ ኪስ አወጣች፣ እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ደወለች። ቢሮው ተዘግቷል፤ መልእክት ተዪ የሚል ድምፅ መጣ።

«ወይዘሮ ሆሊስ፣ ሎርና ኩባስኪ ነኝ፣ የዴሊያ እናት። ዛሬ የነገርኩሽን ጻፊው። ሰዓቱንም ጻፊው፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ልጄ አሥረኛን እንደገና ትማራለች። ነገ ጠዋት ደግሞ እደውላለሁ፤ አልሰማሁም እንዳትዪኝ ነው አሁን የደወልኩት።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። ዴሊያ ቀና አላለችም። «አሥራ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ነው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «የማላውቃቸው ትናንሽ ልጆች ጋር ነው የምማረው።» ሎርና እጇን ልጇ ጀርባ ላይ አደረገች። ጀርባው ደንድኖ ቆየ፣ ግን አልሸሸም።

ዋንዳ ድንቿን በሹካዋ ጠርዝ ከፈለችው፣ ግማሹንም እንደገና ከፈለችው። የምትጮህ መስሎ ነበር፤ ያለ እሷ ፈቃድ ሲወሰን ሁሌም ትጮኻለች፣ ሎርናም ተዘጋጅታለች።

«ሐሙስን ብቻ ልግባ» አለች ዋንዳ። «አንድ ቀን ነው። ምንም አልጽፍም። ኩላሊቱን ልስማውና ልውጣ።»

ዴሊያ ያን ጊዜ ቀና ብላ እናቷን አየቻት።

«አይሆንም፣ እማዬ» አለች ሎርና።

ዋንዳ አልተከራከረችም። «እሺ» አለች። ሎርና ይህችን ቃል ከእናቷ አፍ እንዲህ ቀጥና ስትወጣ ሰምታ አታውቅም። ዋንዳ የተከፋፈለውን ድንች አንድ በአንድ እያነሣች መብላት ጀመረች።